የጨረቃ ጉድጓዶች ለምን ሁሉም ክብ ሆኑ?

ጨረቃን በባይኖኩላር ማየት ካማራችሁ ሙሉ የሆነችበትን ሌሊት አትምረጡ። ግማሽ ስትሆን ነው የምታምረው። ያኔ ብርሃንና ጨለማ በሚገናኙበት መስመር ላይ ፀሐይ ከጎን ስለምትመታ የጉድጓዶቹ ጠርዝ ረጅም ጥላ ይጥላል፣ ጥልቀታቸውም ቁልጭ ብሎ ይታያል። ዓይናችሁ ሲለምደው አንድ ነገር ይገርማችኋል። ትልቁም፣ ትንሹም፣ አንዱ በሌላው ላይ የተደረበውም፣ ከሞላ ጎደል ሁሉም ክብ ነው።

ይኼ እንደዋዛ የሚታለፍ ነገር አይደለም። ከሰማይ የሚመጣ ድንጋይ እኮ ሁልጊዜ ከአናት በላይ ቀጥ ብሎ አይወርድም። ከየአቅጣጫው ነው የሚመጣው፣ አብዛኛውም አጋድሎ፤ ከሁሉ በላይ የሚያጋጥመው 45 ዲግሪ አካባቢ ነው። እስቲ አሸዋ ላይ ጠጠር አጋድላችሁ በኃይል ወርውሩ። ሞላላ ጭረት ነው የሚቀረው። ታዲያ ጨረቃ ላይ ሞላላዎቹ የት ሄዱ?

ይህ ጥያቄ ብዙ ታላላቅ ሰዎችን አሳስቷል። ጋሊልዮ በ1609 (ዓመቶቹን ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ነው የምጽፈው) ቴሌስኮፑን ወደ ጨረቃ ካዞረ በኋላ እስከ 20ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ ድረስ አብዛኛው ተመራማሪ ጉድጓዶቹ የእሳተ ገሞራ አፎች ናቸው ብሎ ነበር የሚያምነው። የእሳተ ገሞራ አፍ ክብ ነው፣ የጨረቃ ጉድጓድም ክብ ነው፣ በቃ።

እኔ በጣም የምወደው የሮበርት ሁክን ታሪክ ነው። እንግሊዛዊው የሳይንስ ሊቅ ሁክ በ1665 ነገሩን በሙከራ ሊፈታው ተነሣ። በአንድ በኩል በውሃ የተለወሰ ሸክላ አፈር ላይ ጥይት ጣለ። በሌላ በኩል አልባስተር የሚባል ለስላሳ ነጭ ድንጋይ ዱቄት እሳት ላይ ጥዶ አፈላ፤ አረፋው ሲፈነዳ ክብ ጉድጓድ ትቶ ይሄዳል። ሁለቱም መንገዶች ጨረቃን የሚመስል ነገር ሰጡት። ግን ጠፈር ላይ የሚዞር ድንጋይ መኖሩ በዚያ ዘመን አይታወቅም። የመጀመሪያው አስትሮይድ የተገኘው በ1801 ነው። ስለዚህ ሁክ “ድንጋዩስ ከየት ይመጣል?” ብሎ የጥይቱን መንገድ ተወና ከውስጥ በሚወጣው ሙቀት አመነ። በእጁ በነበረው መረጃ ከዚያ የተሻለ ፍርድ መስጠት ይቻል ነበር ብዬ አላስብም።

አሁን መልሱን እናውቀዋለን። ጉድጓዱን የሚቆፍረው ድንጋዩ ሳይሆን ፍንዳታ ነው።

እስቲ በቁጥር እንየው። አንድ አስትሮይድ መሬትን ሲመታ ፍጥነቱ በሰከንድ 20 ኪሎ ሜትር አካባቢ ይሆናል። በዚህ ፍጥነት ከአዲስ አበባ ባሕር ዳር በቀጥታ መስመር 16 ሰከንድ ነው። ጉልበት ደግሞ ከፍጥነት ጋር እኩል አያድግም። ፍጥነት እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ አራት እጥፍ፣ ፍጥነት አሥር እጥፍ ሲሆን ጉልበቱ መቶ እጥፍ ይሆናል። በሰከንድ 3 ኪሎ ሜትር የሚሄድ አንድ ኪሎ ድንጋይ ቲኤንቲ የሚባለው ፈንጂ አንድ ኪሎ ያህል ጉልበት ይይዛል። ያው ድንጋይ በ20 ኪሎ ሜትር ሲበር ወደ 48 ኪሎ ቲኤንቲ ይጠጋል። ውስጡ የሚፈነዳ ነገር መኖር አያስፈልገውም፤ ፍጥነቱ ብቻ ይበቃል።

ይህ ሁሉ ጉልበት መሬቱን ሲነካ መሄጃ ያጣል። አለቱ ከፊቱ ዞር ለማለት ጊዜ የለውም። ስለዚህ ይጨመቃል፣ ከአየር ግፊት በሚሊዮን እጥፍ በሚበልጥ ግፊት፣ እና የግፊቱ ሞገድ ግማሹ ወደ መሬት ውስጥ፣ ግማሹ ወደ ኋላ ወደ ድንጋዩ ራሱ ይሮጣል። ሞገዱ የድንጋዩን ጀርባ እስኪያገኝ የሚፈጀው ጊዜ ከዓይን ጥቅሻ ያነሰ ነው። እዚያ ሲደርስ ግፊቱ በድንገት ይለቀቃል፤ ያ የታመቀ ድንጋይም ይቀልጣል፣ ይተናል። ከዚያ ወዲያ ድንጋይ የሚባል ነገር የለም።

የቀረው ሥራ የሞገዱ ነው። ሞገዱ ከአንድ ነጥብ ተነሥቶ ወደ ሁሉም አቅጣጫ እኩል ይሰፋል፣ የሄደበትን አለት ይሰብራል፣ ወደ ታችና ወደ ጎን፣ በመጨረሻም ወደ ላይ ይገፋል። ድንጋዩ በየትኛው ጎን እንደመጣ ሞገዱ ግድ የለውም፤ ጉድጓዱም ክብ የሚሆነው በዚህ ምክንያት ነው። የአሸዋው ሙከራ የሚያሳስተን የእጃችን ውርወራ ቀርፋፋ ስለሆነ ብቻ ነው። እውነተኛ ሞላላ ጉድጓድ የሚፈጠረው ድንጋዩ መሬቱን ሊስም ምንም ያህል ሲቀረው፣ ከ15 ዲግሪ ባነሰ ማዕዘን ሲመጣ ነው። እንዲህ ያለም አለ፤ ጨረቃ ላይ ሜሲየር የምትባለዋ ትንሽ ክሬተር (የምት ጉድጓድ) ሞላላ ናት፤ የተረጨው አፈርም ዙሪያዋን ሳይሆን ወደ ጎንና ወደ ጎን ነው የተበተነው።

ይህን ሁሉ ያስተማረን አንድ ቦታ አለ። አሪዞና በረሃ ውስጥ ያለው ሚቲየር ክሬተር። 1.2 ኪሎ ሜትር ገደማ ስፋት፣ 170 ሜትር ያህል ጥልቀት፣ ዕድሜው ወደ 50,000 ዓመት። ዙሪያው ላይ የብረት ስብርባሪ ተበትኖ ይገኛል። ስለዚህ ቦታ ሳነብ አይሰለቸኝም፤ በመሬት ላይ የሰው ልጅ ስለ ሰማይ እንዲህ የተከራከረበት ሌላ ጉድጓድ ያለ አይመስለኝም።

በ1891 ግሮቭ ካርል ጊልበርት የሚባል በዘመኑ አንቱ የተባለ የአሜሪካ ጂኦሎጂስት ሄዶ መረመረው። አካሄዱ ንጹሕ ነበር። ትልቅ ብረት ተቀብሮ ከሆነ ኮምፓስን መረበሽ አለበት፤ ለካ፣ ምንም የለም። ድንጋዩ እዚያ ውስጥ ካለ ደግሞ ጉድጓዱ በከፊል ተሞልቷልና ዙሪያው የተከመረው አፈር ከጉድጓዱ መጠን ይበልጣል፤ አሰላ፣ እኩል ሆነበት። ስለዚህ ከሰማይ የመጣ ነገር የለም፣ የእንፋሎት ፍንዳታ ነው ብሎ ደመደመ።

የጊልበርት የእንፋሎት ፍንዳታ ደግሞ የፈጠራ ወሬ አይደለም። ምሳሌው እኛው ደጃፍ ነው ያለው። ቢሾፍቱ የሄደ ሰው ሁሉ ያውቀዋል፤ የቢሾፍቱ ሐይቅ፣ ሆራ፣ ባቦጋያ፣ ኪሎሌ፣ አረንጓዴ፣ እነዚህ ሁሉ የተኙት እንዲህ ባለ ጉድጓድ ውስጥ ነው። ቅልጥ አለት ከታች ሲወጣ የከርሰ ምድር ውሃ ያገኛል፣ ውሃው በቅጽበት እንፋሎት ይሆናል፣ መሬቱን ወደ ላይ ይበትነዋል። የቢሾፍቱ ሐይቅ 87 ሜትር ያህል የሚጠልቀውና ዳሩ ገደል የሆነው በዚህ ነው። ከላይ ለሚያየው ሰው ባቦጋያና የአሪዞናው ጉድጓድ ወንድማማች ይመስላሉ። አንዱ ከታች፣ አንዱ ከላይ የመጣ መሆኑን ለመለየት አለቱን ቀርቦ ማየት ግድ ነው።

የሚያስደንቀው ነገር፣ ይኸው ጊልበርት በ1893 የጨረቃ ጉድጓዶች ከሰማይ በወደቀ ነገር የተፈጠሩ ናቸው ብሎ ጽፏል። በጨረቃው ትክክል ነበር። ቆሞበት ያየውን ግን አለፈው።

ቀጥሎ የመጣው ዳንኤል ባሪንገር ነው፣ የማዕድን መሐንዲስ። በ1903 ቦታውን በስሙ አስመዝግቦ ኩባንያ አቋቋመ። እሱ ከሰማይ የመጣ ነው ብሎ አመነ፣ ልክም ነበር። ግን ጉድጓዱ ይህን ያህል ከሆነ ብረቱም ግዙፍ መሆን አለበት ብሎ አሰበ፤ ያንን ብረት ቆፍሮ ሊሸጥ። ከሩብ ምዕተ ዓመት በላይ ቆፈረ። መሃሉን ቆፈረ፣ አጣ። ድንጋዩ አጋድሎ ገብቶ ይሆናል ብሎ በደቡብ ጠርዝ በኩል ቆፈረ፣ መሰርሰሪያው ከ400 ሜትር በታች ወርዶ ተቀረቀረ። ከ600,000 ዶላር በላይ ጠፋ፤ በዚያ ዘመን ትልቅ ሀብት ነው። በ1929 ፎረስት ሬይ ሞልተን የተባለ የሥነ ፈለክ ሊቅ ለባለሀብቶቹ ስሌት ሠራላቸው። ድንጋዩ እናንተ ካሰባችሁት እጅግ ያነሰ ነው፣ አብዛኛውም ተንኗል አላቸው። ባሪንገር በዚያው ዓመት፣ ብዙም ሳይቆይ፣ በልብ ድካም ሞተ።

ዛሬ ድንጋዩ ስፋቱ 50 ሜትር አካባቢ እንደነበር ይገመታል። 50 ሜትር የሆነ ነገር 1,200 ሜትር ጉድጓድ ሠራ ማለት ነው። ባሪንገርና ጊልበርት የተለያየ መልስ ይስጡ እንጂ የተሳሳቱት አንድ ቦታ ላይ ነው፤ ሁለቱም ድንጋዩ ሊቀበር የሚችል፣ እዚያው የሚቀመጥ ነገር መስሏቸው ነበር።

ከዚያ በኋላ ነገሩን የቋጨው አሜሪካዊው ጂኦሎጂስት ዩጂን ሹሜከር ነው። ሹሜከር የታደለው ነገር ቢኖር በኔቫዳ በረሃ በኑክሌር ቦምብ ሙከራ የተፈጠሩ ጉድጓዶችን ማየት መቻሉ ነው። እዚያ የሆነውን ሁሉም ያውቃል፣ ፍንዳታ ነው። ሹሜከር የዚያን ጉድጓድ ጠርዝና የአሪዞናውን ጠርዝ ጎን ለጎን አስተያየ።

እዚህ ላይ ቀረብ ብለን እንይ። በአሪዞናው በረሃ ያልተነካው መሬት ከላይ ቀይ አለት፣ ከሱ ሥር ቢጫ መሰል የኖራ ድንጋይ፣ ከሱ ሥር ነጭ የአሸዋ ድንጋይ ነው። ጠርዙ ላይ ስትወጡ ግን ቅደም ተከተሉ ይገለበጣል። ቀዩ ከታች፣ ቢጫው መሃል፣ ነጩ ከላይ። እንጀራ ሲታጠፍ ዓይኑ ከታች፣ ጀርባው ከላይ እንደሚሆነው፣ መሬቱ ከመሃል ተገልጦ ወደ ውጭ ታጥፎ ተኝቷል። የኔቫዳውም ጠርዝ እንዲሁ ነበር። ይህ ሁሉ ጉድጓድ፣ 170 ሚሊዮን ቶን ገደማ አለት፣ የተቆፈረው በሰከንዶች ውስጥ መሆኑን ሳስብ አሁንም ይደንቀኛል።

በ1960 ደግሞ ሹሜከርና ኤድዋርድ ቻኦ ከባልደረባቸው ጋር ሆነው ከዚያው ቦታ ኮይሳይት አገኙ። ኮይሳይት ተራው ኳርትዝ፣ አሸዋ ውስጥ በብዛት የሚገኘው ማዕድን፣ በከባድ ግፊት ሲጨመቅ የሚሆነው ማዕድን ነው፤ ከዚያ በፊት የሚታወቀው በ1953 በላቦራቶሪ ተሠርቶ ብቻ ነበር። የእንፋሎት ፍንዳታ ይህን ያህል ግፊት ሊያመጣ አይችልም። ክርክሩ እዚህ ላይ አለቀ። ብዙም ሳይቆይ ሹሜከር ደቡብ ጀርመን ሄዶ ኖርድሊንገን የምትባለዋን ከተማ አየ። ከተማዋ የተሠራችው 24 ኪሎ ሜትር ስፋት ባለው ክብ ሜዳ ውስጥ ነው፤ ሕዝቡም ሜዳውን የእሳተ ገሞራ ሥራ አድርጎ ነበር የሚያየው። የቤተ ክርስቲያኗ ግንብ ድንጋይ ራሱ ከዚያ አካባቢ የተጠረበ ነው፣ ውስጡም በምት የቀለጠ ብርጭቆ አለበት። ኮይሳይት እዚያም ተገኘ። ሰዎች ለዘመናት ሲያስቀድሱበት የኖሩት ግንብ ከ15 ሚሊዮን ዓመት በፊት አስትሮይድ ያቀለጠው አለት ነበር።

ስለ አሪዞናው ብረት አንድ ነገር ሳልናገር ባልፍ ይቆጨኛል። ባሪንገር ሊሸጠው የፈለገው ብረት ገንዘብ አላመጣም። ነገር ግን አሜሪካዊው የኬሚስትሪ ሊቅ ክሌር ፓተርሰን በ1950ዎቹ የመሬትን ዕድሜ፣ 4.55 ቢሊዮን ዓመት፣ ያወጣው ከዚያው ከተበታተነው ብረት ውስጥ ያለውን የሊድ (እርሳስ) ዓይነት መዝኖ ነው።

እስካሁን ያወራሁት ስለ ትንሽ ጉድጓድ ነው። ትልቅ ሲሆን ነገሩ ይለወጣል። ጨረቃ ላይ እስከ 15 ኪሎ ሜትር አካባቢ ጉድጓዱ ተራ ጎድጓዳ ነው። ከዚያ ካለፈ ግን የራሱን ክብደት መሸከም ያቅተዋል። ዳሩ ተንዶ እርከን እርከን ይሠራል፣ ወለሉ ይደለደላል፣ መሃሉ ላይ ተራራ ይነሣል። በደቡብ ጨረቃ ያለችውን ታይኮን እዩ፣ 85 ኪሎ ሜትር፣ መሃሏ ላይ ሁለት ኪሎ ሜትር የሚያህል ተራራ አላት። ያ ተራራ እሳተ ገሞራ አይደለም። ከምቱ በኋላ ለጥቂት ደቂቃ አለቱ ጠንካራነቱን አጥቶ እንደ ፈሳሽ ይሆናል፤ ታች የተጨመቀው ተመልሶ ወደ ላይ ይወጣና እዚያው ይደርቃል። ሙሉ ጨረቃ ስትሆን ከታይኮ የሚነሡ ነጫጭ ጨረሮች ግማሹን ፊቷን ሲያቋርጡ ታያላችሁ፣ የተረጨው አፈር ነው። ዕድሜዋ 108 ሚሊዮን ዓመት አካባቢ ይገመታል፣ ስለዚህ ብልጭታውን ከመሬት ያየ ካለ ዳይኖሰር ነው።

እዚህ መሬት ላይ የስበት ኃይሉ ስድስት እጥፍ ስለሆነ ይኸው ለውጥ ከ2 እስከ 4 ኪሎ ሜትር ስፋት ላይ ይጀምራል። ዳይኖሰሮቹን ከ66 ሚሊዮን ዓመት በፊት ያጠፋው የሜክሲኮው ቺክሹሉብ፣ 180 ኪሎ ሜትር ገደማ፣ መሃሉ ላይ ከአንድ ተራራ ይልቅ ክብ የተራራ ሰንሰለት ነው ያለው። በ2016 ባሕሩን ሰርስረው ያንን ሰንሰለት ሲያወጡት ከብዙ ኪሎ ሜትር ጥልቀት መምጣት የነበረበት ግራናይት ሆኖ ተገኘ። ይህን ያህል መንገድ የወጣው በደቂቃዎች ውስጥ ነው።

ሌሎቹ ዓለማት ላይ ሕጉ አንድ ነው፣ የሚለያየው መሬቱና አየሩ ነው። ቬነስ አየሯ በጣም ወፍራም ስለሆነ ትንንሹ ድንጋይ መንገድ ላይ ያልቃል፤ ከሁለት ሦስት ኪሎ ሜትር ያነሰ ጉድጓድ እምብዛም የለባትም። የጁፒተሯ ጨረቃ አዮ ደግሞ እሳተ ገሞራዋ ስለማያቋርጥ አንድም የምት ጉድጓድ አልታየባትም፣ ሁሉንም ይሸፍነዋል። ማርስ ላይ ገና ትናንት የሚባል አለ። ዲሴምበር 24 ቀን 2021 ኢንሳይት የተባለችው መንኮራኩር ማርስ ስትንቀጠቀጥ ለካች፤ በኋላ ከላይ የሚዞረው ካሜራ ቦታውን ሲፈልግ 150 ሜትር ስፋት ያለው አዲስ ጉድጓድ አገኘ፣ ዙሪያው ላይ ነጭ የበረዶ ቁርጥራጭ ተበትኖ። ምቱ ከመሬት በታች የተደበቀውን በረዶ ገልጦ አሳየን።

ታዲያ ጨረቃ እንዲህ ከተቦዳደሰች መሬት ለምን ዳነች? አልዳነችም። ከጨረቃ የበለጠ ተመትታለች፣ ስፋቷም ስበቷም ይበልጣልና። ግን ዝናብ ይሸረሽራል፣ ወንዝ ደለል ይሞላል፣ የመሬት ቅርፊት ይንቀሳቀሳል፣ ባሕር ይውጣል። እስካሁን የተረጋገጡት 200 አካባቢ ናቸው። አፍሪካ ውስጥ የጋናው ቦሱምትዊ ሐይቅ አንዱ ነው፣ 10 ኪሎ ሜትር ተኩል፣ አንድ ሚሊዮን ዓመት ገደማ። የደቡብ አፍሪካው ቭሬድፎርት ሁለት ቢሊዮን ዓመት ያለፈው ሲሆን በዓለም ከሚታወቁት ሁሉ ትልቁ ነው።

ኢትዮጵያ ውስጥ የተረጋገጠ የለም። ምክንያቱ የሚገባ ነው። ሰሜንና መሃሉ ደጋ ከ30 ሚሊዮን ዓመት በፊት በፈሰሰ ባዛልት፣ ጥቁር የእሳተ ገሞራ አለት፣ ተሸፍኗል፣ ውፍረቱ ቦታ ቦታ ላይ ወደ ሁለት ኪሎ ሜትር ይጠጋል። ከዚያ በፊት የወደቀ ነገር ካለ ከሥሩ ነው። ስምጥ ሸለቆው ደግሞ ወጣት መሬት ነው፣ እዚያ ክብ ነገር ስታዩ መጀመሪያ መጠርጠር ያለበት እሳተ ገሞራ ነው። እኔ ተስፋ የማደርገው ባዛልቱ ያልደረሰበት ቆላ ላይ ነው፤ ኦጋዴን፣ ወይም የምዕራቡ ጥንታዊ አለት። ግብፅና ሱዳን ድንበር አጠገብ ያለችው ካሚል፣ 45 ሜትር የሆነች ትንሽ ክሬተር፣ በ2008 የታየችው ጉግል ኧርዝ ላይ በረሃውን ሲያስስ በነበረ ሰው ነው። ቡድን ሄዶ ከአንድ ቶን በላይ የሰማይ ብረት ሰበሰበ።

እንዲህ ያለ ክብ ነገር ካርታ ላይ ካገኛችሁ ክብነቱን እርሱት፣ እሱ ብቻውን ምንም አያረጋግጥም። መጀመሪያ ጠርዙ ላይ ያለው የአለት ቅደም ተከተል ተገልብጦ እንደሆነ ይታይ። ሹል ጫፍ ይዞ እየሰፋ የሚሄድ፣ ፊቱ ላይ ጨረር የመሰለ ጭረት ያለበት የተሰነጠቀ አለት ካለ ፎቶ አንሡት። ከዚያ ኳርትዝ ያለበትን ድንጋይ ቅርብ ያለ ዩኒቨርሲቲ ጂኦሎጂ ክፍል ውሰዱና በስሱ ተቆርጦ ማይክሮስኮፕ ሥር ይታይ። በምት የተጨመቀ ኳርትዝ ውስጥ እጅግ ቀጫጭን ትይዩ መስመሮች ይታያሉ፤ እነሱን እሳተ ገሞራ አይሠራቸውም።